ሚሊ ዱርኮ፣ የልጆቹ ዓይን ጠባቂ

ሚሊ ዱርኮን የማያውቅ የከተማችን የካርቨርስ ፌሪ ሰው ካለ፣ ገና ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ከሜዳው ተነሥቶ ወንዙ ላይ ያለውን ጀልባ ነጂ ቀና ያደርጋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የፉትቦል ቡድን፣ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ማለቴ ነው፣ ትጥቅ በሙሉ በእሷ እጅ ነው። ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር፣ አንዲት መስኮት ብቻ ባላት ክፍል ውስጥ የትከሻ መከላከያ ስትሰፋ፣ የጫማ ጥርስ ስትቀይር፣ ሄልሜት ስትወለውል ሃያ ዓመት አልፏታል። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማይክራፎን ይዤ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደወደቀ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ከምነግራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያላየሁትን ሚሊና ወንድሟ ኤሚል አንዱ ከአንዱ አፍ እየነጠቀ ነግረውኛል።

ሜዳችን መብራት የለውም። የምንጫወተው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። በጨዋታ ቀን ጠዋት ሚሊ ሄልሜቶቹን ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና አንድ በአንድ እያነሣች በመስኮቱ ብርሃን ታያለች። የምታየው ቪዘሩን ነው። ቪዘር ማለት ከሄልሜቱ የብረት ፍርግርግ ጀርባ የሚታሰር ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፍርግርጉ ክርንና ጉልበት ይመልሳል፤ ጣት ግን ያሳልፋል። ጣት የሚመልሰው ቪዘሩ ነው።

«አሥራ ሁለት ቁጥር!» ትላለች። «ይህን በምንድነው የጠረግከው? በካልሲህ?»

«በንጹሁ ካልሲ ነው ሚስ ሚሊ።»

«አንተ ንጹሕ ካልሲ ኖሮህ ያውቃል?»

ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ሄልሜቱን ተቀብሎ እየሳቀ ይወጣል። እንዲህ የዓይን ነገር የሚያንገበግባት ለምን እንደሆነ ግን የከተማችን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ።

አባቷ የከተማችን የብርጭቆ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ኤሚል አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ በ1973 መሆኑ ነው፣ ከቡድኑ ልጆች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። የወቅቱ አምስተኛ ጨዋታ ላይ ኳሷን ይዞ ወደቀ፤ ስድስት ሰባት ልጅ ላዩ ላይ ተከመረ። ከክምሩ ውስጥ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ጣት በፍርግርጉ አልፎ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ቪዘር የሚባል ነገር ማንም አላሰበም። ሚሊ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የተቆላ ኦቾሎኒ በወረቀት ከረጢት ይዛ አጥሩ ጋ ቆማለች። ኤሚል ፊቱን በመዳፉ ይዞ በራሱ እግር እየተራመደ በአጠገቧ አለፈ።

«ለእማማ ደህና ነው በያት» አላት።

ዓይኑ አልዳነም።

ኤሚል ሁለት ወር ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አኮረፈ። በሦስተኛው ወር ማኩረፍ ሰለቸውና ወጣ። ፒትስበርግ ያለ አንድ ዓይን ሠሪ ከራሱ ዓይን የማትለይ ቡናማ የመስታወት ዓይን ሠራለት። ፋብሪካ ተቀጥሮ ደሞዝ ማግኘት ሲጀምር ግን ወደዚያው ሰውዬ ተመልሶ ሌላ አሠራ። በብሌኑ ፈንታ የትምህርት ቤቱ ወርቃማ አርማ ያለበት ዓይን! ለሥራና ለቤተ ክርስቲያን ቡናማዋን፣ ለጨዋታ ቀን አርማዋን። መጀመሪያ አድርጓት የመጣ ዕለት በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ «ደህና ዋልክ ኤሚል» ብላ ቀና ስትል ያቺ ወርቃማ ነገር አፈጠጠችባት። ሴትዮዋ እሪ ብላ የትኬቱን ጥቅል ለቀቀችው፤ ጥቅሉ እየተተረተረ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወረደ። እሱ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ሕዝቡ የመጀመሪያውን አጋማሽ ያየው በነጻ ነው።

ኤሚል እንዲህ ሲቀልድ ሚሊ አብራው ትስቃለች። በውስጧ ግን ያን ጣት አልረሳችውም። ትምህርት ስትጨርስ ዋናው መንገድ ላይ ካለው የአቶ ቶሬሊ የመነጽር ቤት ገብታ ሃያ ሦስት ዓመት ሠራች። ሌንስ መቁረጥ፣ ፍሬም ማቃናት፣ የሰውን ዓይን አካሄድ ማወቅ፣ ሁሉንም እዚያ ተማረች። ሰው በበሩ ሲገባ አረማመዱን አይታ የትኛው ዓይኑ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚለግም ትነግራችኋለች።

አቶ ቶሬሊ አርጅተው ሱቁን ሲዘጉ ሚሊ ሥራ ፈታች። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ የትጥቅ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። አሰልጣኙ ዌንዴል ኦርትማን ግንባሩ የማይፈታ፣ ወፍራም፣ ልቡ ግን እንደ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ለሥራው ሊጠይቃት ቢሮው አስቀመጣት።

«ሄልሜት ጠግነው ያውቃሉ?» አላት።

ሚሊ ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረችና መነጽሩን ከፊቱ ላይ አነሣችው። አንዱን ክንድ በሁለት ጣቷ ለመጥ፣ አፍንጫው ላይ የሚያርፈውን ጠበብ አድርጋ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገችለት። ኦርትማን ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ በመስኮቱ ሜዳውን አየ።

«ስንት ዓመት ነው በጠማማ መነጽር ጨዋታ ሲያዩ የኖሩት?» አለችው።

«ዘጠኝ» አለ። «የተሸነፍነውም በዚህ ይሆናል። ሰኞ ይጀምሩ።»

እንደዚህ ተስማሙ እንጂ በቪዘር ነገር አልተስማሙም። ኦርትማን የድሮ ሰው ነው። ቪዘር ለሱ ጌጥ ነበር።

«ሞተር ብስክሌት ሊነዱልኝ ነው እንዴ?» ይላታል። «በኛ ጊዜ በባዶ ፍርግርግ ነበር የምንጫወተው።»

«በናንተ ጊዜ ኤሚል ነበር» ትለዋለች።

እሱም ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቪዘር ግን አያዝም። አምስት ዓመት እንዲሁ ሲከራከሩ ኖሩ። በመጨረሻ «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ አንተና አንቺ ሆኑ፤ ክርክሩ ግን እንዳለ ቀጠለ።

በ2009 መጸው ኮርዴል ዊቲከር የሚባል ልጅ ከፒትስበርግ መጣብን። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ኢቮን የአውቶቡስ ነጂ ናት፤ ሥራዋን ወደዚህ መስመር ስትቀይር ይዛው መጣች። ኮርዴል ኳስ ከያዘ የሚይዘው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ስሙን ስጠራ ድምፄ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ኦርትማን በሃያ ዓመት ሥራው ጥርሱ ሲታይ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሚሊ ግን ልጁ ላይ አንድ ነገር አስተዋለች። ከግራ በኩል ሲጠሩት ዓይኑን ብቻ አያዞርም፤ አንገቱን በሙሉ ያዞራል። ውኃ ሲያቀብሉት ኩባያውን ከመያዙ በፊት አየሩን ይዳስሳል። አንድ ማክሰኞ ከልምምድ በፊት ክፍሏ ውስጥ ቆሞ ሳለ የአገጭ ማሰሪያ ከግራው ወረወረችለት።

«ያዝ!»

ማሰሪያው ጉንጩን ጧ አድርጎ መታውና ወደቀ። እጁ እንኳ አልተነሣም።

ሚሊ በሩን ዘጋች። «ና እዚህ ቁም። ቀኝ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን።»

ሸፈነ።

«ስንት ጣት ነው?»

ኮርዴል ትንሽ አሰበና «ሦስት» አለ።

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው» አለችው።

ልጁ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። የትምህርት ቤቱን የሕክምና ምርመራ ያለፈው የፊደል ሠንጠረዡን በቃሉ አጥንቶ ነው።

«ሚስ ሚሊ፣ በእናትዎ» አላት። «እማማ ተሻለው ብላ ነው የምታስበው። ይህን ከሰማች አታጫውተኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አይንገሯት።»

«ኮርዴል፣ ያለህ ዓይን አንድ ነው። ዓይን ውስጥ ደግሞ ጣት ሲገባ አይቻለሁ። እነግራታለሁ፤ ብትፈልግ ጥላኝ።»

ጠላትም።

በማግስቱ ሚሊ የኢቮንን አውቶቡስ ተሳፈረች። ከነጂዋ ጀርባ ተቀምጣ ልትጀምር ስትል ከፊቷ «ነጂውን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አየች። ስለዚህ ዝም ብላ ሃያ ሁለት ፌርማታ ሄደች። መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሷ ቀረች።

«እመቤት፣ መጨረሻው እዚህ ነው» አለች ኢቮን በመስታወቱ እያየቻት።

«አሁን ማነጋገር ይቻላል?»

ነገረቻት። ስለ ጣቱ፣ ስለ ኤሚል፣ ስለ ሠንጠረዡ። ኢቮን ሞተሩን አጠፋች።

«በቃሉ አጥንቶት?» አለች። «ያ ልጅ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን እንኳ ማስታወስ አይችልም!»

«አሥራ አንዱንም መስመር በቃሉ ይዟል።»

ኢቮን ያን ዕለት ማታ ልጇን ከቡድኑ አስወጣችው። ቅዳሜ ያለ እሱ ተጫወትን፤ በሃያ ስምንት ለዜሮ ተሸነፍን። ከዚያ ወዲያ ለሚሊ ከባድ ሳምንት መጣ። ልጆቹ ትጥቃቸውን እየወሰዱ ሰላም ሳይሏት መውጣት ጀመሩ። ገበያ ስትሄድ የተጫዋቾቹ አባቶች ጀርባ ይሰጧታል። ኦርትማን መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ምርጥ ሯጬን አስወጣሽብኝ» አላት።

«ዓይኑን ግን አላስወጣሁም» አለችው፤ ቀና ሳትል ጫማ ማጣበቋን ቀጠለች።

ኦርትማን በሩን ዘግቶባት ሄደ። ሚሊ ያን ቀን ብቻዋን አልቅሳለች። ይህን የነገረኝ ኤሚል ነው፤ እሷ እስከ ዛሬ «ሙጫው ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ» ትላለች።

ኤሚል እህቱ እንዲህ ስትሆን አልወደደም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ «ተነሺ» አላት። «ያን ነገርሽንና ፔሮጊውን ያዢ።» ያን ነገርሽ ያላት አዲስ ቪዘር ነው፤ ፔሮጊው ቅዳሜ ያዘጋጀችው ድንች የተሞላ ሊጥ ነው። ሁለቱ ሳይጠሩ የኢቮንን በር አንኳኩ።

ኢቮን ጎመንና በምድጃ የበሰለ ማካሮኒ አቅርባ ምሳ ልትበላ ነበር። ኮርዴል ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ሚሊን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ኢቮን ግራ ቢገባትም እንግዳ በር ላይ አታቆምም፤ አስገባቻቸው።

«እኔ ኤሚል ነኝ» አለ ኤሚል። «የጣቱ ባለቤት ሳይሆን የዓይኑ ባለቤት።» ይህን ብሎ ቡናማዋን ዓይን አወጣና ሳህኗ ጎን አስቀመጠ፤ ከኪሱ ባለ አርማዋን አወጣና አደረገ። ኮርዴል ማኩረፉን ረስቶ ወደፊት ተጠጋ።

«ኧረ ይህ አሪፍ ነው!» አለ።

«ዝም በል አንተ!» አለች ኢቮን፤ እሷ ግን ናፕኪኑን አፏ ላይ ይዛ ሳቋን ልታቆም አልቻለችም። ስትስቅ ቆይታ እንባዋ መጣ፤ እንባው ደግሞ የሳቅ ብቻ አልነበረም።

ኤሚል ጠብቆ ተናገረ። «ወይዘሮ ኢቮን፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አሞህ ነበር ወይ ብሎ ነው። ሕመሙን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ያ ቅዳሜ የመጨረሻዬ መሆኑን ሳላውቅ መጫወቴን ነው። ልጅዎም እንደኔው የትኛው ቅዳሜ የመጨረሻው እንደሚሆን አያውቅም። ግን እኔ ሁለተኛ ዓይን ነበረኝ፤ እሱ የለውም። ስለዚህ አጫውቱት ብለን ልንለምን አልመጣንም። ሚሊ ያመጣችውን ይዩት፤ ከዚያ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።»

ሚሊ ቪዘሩን አወጣች። «መዶሻ አለዎት?» አለች።

የጓሮው ደረጃ ላይ ወጡ። ሚሊ ከቦርሳዋ አራት የፋብሪካ የዓይን መከላከያ መነጽር አውጥታ አንድም ሰው ያለሱ እንዳይቀርብ አለች። አራቱም በእሑድ ልብሳቸው መነጽር አድርገው ደረጃው ላይ ተሰበሰቡ፤ ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አውርደው በአጥር ላይ ያዩ ጀመር።

«ይምቱት» አለች ሚሊ።

ኢቮን ቀስ ብላ መታችው። ቪዘሩ ዘለለና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንዲህ አይደለም፤ ከልብዎ!»

ሁለተኛው በረታ። ሦስተኛው ላይ ጥርሷን ነከሰች። አራተኛው ላይ የመዶሻው ራስ ከእጀታው ወልቆ በአጥሩ ላይ አለፈና የሽማግሌውን የቲማቲም ተክል ለሁለት ገመሰው።

«አይዟችሁ፣ የቲማቲሙ ጊዜ አልፏል!» አሉ ሽማግሌው። «ማንን ነው የምትመቺው?»

«የልጄን አባት እያሰብኩ ነበር!» አለች ኢቮን እያለከለከች።

ሚሊ ቪዘሩን አንሥታ ሰጠቻት። ተጭሯል፤ ስንጥቅ ግን የለበትም። ኢቮን ለረጅም ጊዜ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችበት። በመጨረሻ «ሐኪም ካልፈረመ አይሆንም» አለች። «ከፈረመም ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ አንቺ ራስሽ ነሽ የምታስሪለት።» «አንቺ» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

«እኔ ራሴ» አለች ሚሊ።

ኮርዴል ሊሸኛቸው በር ድረስ መጣ። «አሁንም ተቀይሜዎታለሁ» አላት።

«ተቀየም። ፔሮጊው ግን ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

የዓይን ሐኪሙ መረመረውና ሁለት ነገር ጻፈ፦ ከቪዘሩ ሥር የማይሰበር የስፖርት መነጽር ያድርግ፤ ቪዘሩ ጥርት ያለ ይሁን። መነጽሩን ሚሊ ራሷ ለካችለት። ኮርዴል ቂሙን የተወው ሄልሜቱን ለመቀበል ሲመጣ ይመስለኛል።

«ጥቁሩ የለም?» አላት።

«የለም።»

«ጥቁሩ እኮ ያስፈራል። ወዴት እንደማይ አያውቁም።»

«ወድቀህ ሐኪም ሲመጣ ዓይንህን ማየት አለበት። ራስህ ተመትቶ ብሌንህ ሰፍቶ እንደሆነ በጥቁር ነገር እንዴት ያየዋል? ሕጉም ጥርት ያለውን ብቻ ነው የሚፈቅደው።»

«እሺ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ?»

«ኮርዴል።»

«ሐምራዊ?»

«ውጣልኝ ከዚህ!»

የተመለሰበት ቅዳሜ ቀዝቃዛ ካፊያ ነበር። ኳሷን ሲቀበል ሕዝቡ ተነሣ፤ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ቀኝ ታጠፈና ከሜዳው ወጥቶ ዳር ቆሞ የሚያጅበን የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገባ። ትልቁን ጥሩምባ የያዘችው ልጅ በጀርባዋ ወደቀች፤ ጥሩምባው ከበላይዋ፣ ኮርዴል ከጥሩምባው በላይ። እኔ በማይክራፎኑ «ዊቲከር አሥራ ስምንት ያርድ ሮጧል፤ አንድ ጥሩምባም ማርኳል» አልኩ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሚሊ ግን አልሳቀችም። ሮጣ ስትደርስ ልጁ ሄልሜቱን አውልቆ የጥሩምባዋን ልጅ ይቅርታ እየለመነ ነው። መነጽሩም ቪዘሩም በትንፋሹ እንፋሎት ነጭ ሆነዋል። «ሚስ ሚሊ፣ ወተት ውስጥ ነው የሮጥኩት» አላት። የቀረውን ጨዋታ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጨረሰው።

ሚሊ ቤቷ ገብታ ሥራ ጀመረች። ኤሚልን ሄልሜት አስለብሳ፣ ከሥሩ መነጽሩን አድርጋ፣ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠችውና ሙቅ ውኃውን ለቀቀች። የእሱ ሥራ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ማንበብ ሲያቅተው እሷ በሩ ላይ ሆና ሰዓት ትይዛለች። መጀመሪያ ቪዘሩንና መነጽሩን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀባች፤ ኤሚል ሁለት ደቂቃ አነበበና ዓይኔን አቃጠለኝ ብሎ ጮኸ።

«የትኛውን?» አለች ሚሊ ደንግጣ።

«የመስታወቱን!» አለ፤ እዚያ ሆኖም ይቀልዳል።

የመላጫ አረፋ አራት ደቂቃ ሄደ። የተቆረጠ ጥሬ ድንች ስድስት ደቂቃ፤ «ግን ሾርባ ውስጥ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ» አለ። በመጨረሻ የሕፃናት ሻምፑ አንዲት ጠብታ ጣል አድርጋ፣ በስሱ አዳርሳ፣ ምንም እስከማይታይ ድረስ በለስላሳ ጨርቅ ጠረገችው። ኤሚል የሟቾችን ዝርዝር በሙሉ ጨረሰ፤ የሚሸጡ መኪናዎች ማስታወቂያ ውስጥ ገባ። ሃያ አንድ ደቂቃ።

«አውጪኝ ሚል፣ በስዬአለሁ!» አላት።

ከዚያ በኋላ ኮርዴል ሁለት ሄልሜት ኖረው፤ ከሜዳ በወጣ ቁጥር አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይቀበላታል። ሦስት ጨዋታ ተከታትለን አሸነፍን። የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከወንዙ ማዶ ካሉት ከሆልብሩክ ልጆች ጋር ነበር፤ ከእነሱ ጋር ያለው ጨዋታ የሠርግም ሆነ የቀብር ቀን ያስለውጣል። ኢቮን ፈረቃዋን ለባልደረባ ሰጥታ መጣችና አጥሩ ጋ ከኤሚል አጠገብ ቆመች።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኮርዴል ወደ መሐል ሰብሮ ሲገባ አንድ ቁመተ ረጅም የሆልብሩክ ልጅ ሊይዘው እጁን ዘረጋ። መዳፉ ፊቱ ላይ አረፈ። ተንኮል አልነበረበትም፤ የሚጨብጠው አጥቶ ነው። ሁለቱም ወደቁ፤ ላያቸው ላይም ሌሎች ወደቁ። ክምሩ ሲነሣ ኮርዴል ተንበርክኮ ቀረ፤ እጁን ወደ ፊቱ አነሣ።

ማይክራፎኑን አስቀምጬ ተነሣሁ። ኢቮን የአጥሩን ብረት ጨበጠች። ሚሊ ሜዳ መግባት አይፈቀድላትም፤ እሷ ግን ሁለተኛውን ሄልሜት በብብቷ ይዛ ዳኛውን ገፍትራ አለፈች። ፊቱ ሥር ተንበረከከች። በቀኝ ዓይኑ ትክክል፣ ቪዘሩ ላይ፣ ጭቃ የነካው የጣት ዱካ ከላይ እስከ ታች ተሰምሯል። ከጀርባው ዓይኑ እያየቻት ነው፤ ቡናማ፣ ጤነኛ፣ ትንሽም የተናደደ ዓይን።

«ሚስ ሚሊ» አላት፤ «ምንም አይታየኝም፤ ይጥረጉልኝ። ሰዓቱ እያለቀ ነው።»

ሚሊ ጨርቁን አወጣች። ጨርቁ ግን ከእጇ ወደቀ። ሁለተኛውን ሄልሜት አስለበሰችውና የአገጩን ማሰሪያ በሦስተኛ ሙከራ አሰረችለት። ልጁ ሮጦ ሄደ። የሆልብሩኩ ረጅም ልጅ እዚያው ቆሞ ነበር፤ «እመቤት፣ ጎዳሁት እንዴ?» አላት ድምፁ እየተሰበረ። «አልጎዳኸውም ልጄ» አለችው፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገችለት። ለሆልብሩክ ልጅ «ልጄ» ያለ የካርቨርስ ፌሪ ሰው ከእሷ ሌላ አላውቅም።

በአሥራ ሰባት ለአሥራ አራት ተሸነፍን። ያን ቀን ማንም ስለ ውጤቱ ብዙ አላወራም። ኤሚል ዱካው ያለበትን ሄልሜት ከሚሊ እጅ ተቀብሎ የራሱን ጣት በዱካው ላይ አስቀመጠ። 

«ትልቅ ጣት ነው» አለ።

ኢቮን ግንባሯን ሚሊ ትከሻ ላይ ጥላ ቆመች። ሚሊ አጭር ስለሆነች ኢቮን እጥፍ ብላ ነበር የቆመችው።

ሰኞ ጠዋት ኦርትማን ወደ ትጥቅ ክፍሉ መጣ። «ስንት ልጅ ነው ያለን?» አለ።

«ሃምሳ አራት።»

«ለሃምሳ አራቱም እዘዢ» አለና ሊወጣ ዞረ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እኔ እኮ ያን ቀን፣ ኤሚል በተጎዳ ቀን፣ እዚያ ክምር ውስጥ ነበርኩ ሚሊ። አንድ ክፍል ከሱ በታች ነበርኩ። የማን ጣት እንደሆነ አላውቅም። የኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አላውቅም።»

ሚሊ የያዘችውን አስቀመጠች። ያን ጣት የማን ይሆን ስትል በኖረችበት ዘመን ሁሉ እሱን አስባ አታውቅም።

«ኤሚልን ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«በየት አፌ?»

እጁን ይዛ ወደ ፋብሪካው በር ወሰደችው። ኤሚል ለምሳ ሲወጣ ኦርትማን ያን ሁሉ እየተንተባተበ ነገረው። ኤሚል ሰማና እጁን እንዲያሳየው ጠየቀው። የኦርትማንን ወፍራም ጣቶች አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

«ይህማ አይገባም» አለ። «በዚህ ጣት ፍርግርጉን ነበር የምታጣምመው። ና ምሳ እንብላ።»

ኦርትማን መንገድ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያ ሄደው ምሳ በሉ። የቪዘሮቹን ዋጋ የሸፈኑት የሚሊ ደብር ሴቶች ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ዓሣ እየጠበሱ ሸጡ። የሻምፑው ነገር በወንዙ ዳር ባሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተሰማ፤ የሆልብሩክ የትጥቅ ሠራተኛ ሳይቀር አፍሮ እያሳለ መጥቶ ጠየቃት። ነገረችው። ድንቹንም ነገረችው፤ ግን በጣም ጥሩ ነው ብላ ነው የነገረችው።

ኮርዴል አሁን ትልቅ ሰው ነው። የመሬት ቀያሽ ሆኗል፤ «በአንድ ዓይን የሚሠራ ሥራ ፈልጌ አገኘሁ» ይላል። ኦርትማን ጡረታ ወጥቶ ከኤሚል ጋር ዓሣ ያጠምዳል፤ ሁለቱም አይሳካላቸውም። ሚሊ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ስንላት ጆሮዋ አይሰማም።

ከኢቮን ጋር ግን ነሐሴ በመጣ ቁጥር ማዶው ካናዳ የሆነው ኤሪ ሐይቅ ይወርዳሉ። ሚሊ ዕድሜ ልኳን በወንዝ ዳር ኖራ መዋኘት አታውቅም ነበር። ኢቮን ዘንድሮ አልለቅሽም ብላ እስከ ወገቧ አስገባቻትና ሆዷን በመዳፏ ደግፋ «እርገጪ፣ እርገጪ!» ስትል ዋለች። በአራተኛው ቀን ሚሊ ብቻዋን አሥር ክንድ ያህል ሄደች። እንደነገሩኝ የደስታ ጩኸቷ እስከ ካናዳ ሳይሰማ አልቀረም።